«አብሾ» እና «አስተናግር»፤ የሁለት ቃላት ታሪክና የመዝገበ ቃላት ኀላፊነት

ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም ከኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተወረሰ መሆኑ የታወቀ ነው። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት «የኢንቺስ ቤቶች» ሲሆን፣ ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ የነበረው የኢጣልያ ድርጅት ምሕጻረ ስም ነው። ስሙ በሕዝብ አፍ ሲዋል ምሕጻርነቱ ተረስቶ ተራ የአማርኛ ስም ሆነ። በዚሁ ሰፈርና በአጎራባቹ በቂርቆስ መጠጥ ቤቶች ምንጩ እንዲሁ የተረሳ ሌላ ቃል ይሰማል፤ ይኸውም «አብሾ» ነው። አንድ ሰው ጥቂት ቀምሶ ድንገት ሲቆጣ፣ ብርጭቆ ሲወረውር፣ «ተዉት፣ አብሾ አለበት» ወይም «አብሾው ተነሣበት» ይባላል። የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. ፈርሰዋል፤ አነጋገሩ ግን ከነዋሪው ጋር ወደየሄደበት ሄዷል። ይህን የሚናገር ወጣት ግን አብሾ ስለተባለው መጠጥ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ «የጠባይ ስም ነው» ይላል።

አብሾ በመሠረቱ የጠባይ ስም አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ዙሪያ የሚታወቅ፣ ከዕፅ የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። ቅኔና ዜማ በቃል በሚያዝበት፣ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ ዓመታት በሚገፋበት ኑሮ፣ የቀለም አቀባበልን ያፈጥናል የተባለ ነገር ሁሉ ፈላጊ አያጣም። ለአብሾ የሚውለው ዕፅ በአብዛኛው አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም የተሰኘው ተክል እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ ተክል ብርቅ አይደለም። በቦይ ዳር፣ በቆሻሻ መጣያ፣ በፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ላይ ሳይተክሉት ይበቅላል፤ አበባው ነጭ መለከት፣ ፍሬው እሾኻም ነው።

የተክሉ ስሞች ለቋንቋ ተመራማሪ ትልቅ ሀብት ናቸው። «አስተናግር» እና አቻው «መስተናግር» የአማርኛ እርባታ አልያዙም፤ አማርኛ ቢሆን ኖሮ «አናጋሪ» በተባለ ነበር። «አስተ–» የግእዝ አዕማድ ነው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማነጋገርን ያመለክታል። «መስተፋቅር» የሚለውን የመድኃኒት ስም የሰጠን፣ ሰዋስዋችንም «መስተዋድድ» እና «መስተጻምር» ብሎ የተገለገለበት ቅርጽ ይኸው ነው። እንግዲህ ስሙን ያወጣው ግእዝ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ትግርኛውም «መዘርባዕ» ሲል ያንኑ የመናገር ሐሳብ ይከተላል። የስሙ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዕፁን የቀመሰ ሰው አጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፣ ይከራከራል፣ ይስቃል። ስሙ ራሱ የመመረዝ ምልክት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

«አጤ ፋሪስ» ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። መነሻው «ዕፀ ፋርስ» ማለትም «የፋርስ ዕፅ» ነው። «ፀሐይ» በአፍ «ጠሐይ»፣ «ጸሎት» «ጠሎት» እንደሚሆን ሁሉ «ዕፀ» ወደ «እጠ» ዞረ፤ ከዚያም «ዐፄ» ከሚለው የማዕርግ ስም አነጋገር («አጤ») ጋር ተጋጭቶ ተክሉ ያለ ዙፋን ነገሠ። «ፋርስ» የሚለውም ቢሆን የትውልድ አገሩን አይነግረንም። የዕፀዋት ሊቃውንት የዚህን ተክል መነሻ በአሜሪካ ምድር ያደርጉታል። ሊኔ እ.ኤ.አ. በ1753 የሰጠው የወገን ስም ግን ከህንድ ቋንቋ የመጣ ነው። በእኔ ግምት «ፋርስ» እዚህ ላይ «ባዕድ» ማለት ብቻ ነው፤ በቆሎን «የባሕር ማሽላ»፣ ከአውስትራልያ የመጣውንም ዛፍ «ባሕር ዛፍ» እንዳልነው።

እዚህ ላይ ከአብሾ ጋር በችኰላ የሚደባለቀውን «ሌባሻይ»ን ማንሣት ይገባል። ክራፕፍና ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተሙት የጉዞ ማስታወሻ፣ በሸዋ ሌባ ለማስፈለግ አንድ ብላቴና ጥቁር ዱቄት በወተት ተበጥብጦለት፣ ትንባሆም አጭሶ፣ ራሱን ስቶ ከቤት ወደ ቤት ይድኽ እንደ ነበረ ተጽፏል። ዱቄቱ ያው ዕፅ ነው ለማለት ይህ ብቻ አይበቃም። (ለተርጓሚዎች አንድ ነገር ላስታውስ፤ «ሻይ» የሚለው እዚህ ላይ «ሻ» ማለትም «ፈለገ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው እንጂ የሚፈላው ሻይ አይደለም።)

አሁን ወደ አዘገጃጀቱ እንምጣ። በውጭ ቋንቋ አንድ ግሥ የሚጠቀልለውን አማርኛ ለይቶ ይናገረዋል፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ቡና ይፈላል፣ ኮሶ ይወቀጣል፣ ይበጠበጣል። ተርጓሚ ስለ ዕፅ መጠጦች ሲጽፍ ሁሉንም «ጠመቀ» ቢል አንባቢው ጌሾና እርሾ ይታየዋል። ይህ የቃላት ጣጣ ብቻ አይደለም። የአስተናግር መርዝ፣ ማለት አትሮፒን፣ ሂዮስያሚንና ስኮፖላሚን፣ በማፍላት አይጠፋም፤ መጠኑም ከተክል ተክል፣ ከቅጠል ዘር፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ስለዚህ ዛሬ ያልጎዳ ጭብጥ ነገ ሊገድል ይችላል። ኮሶም ቢሆን ሲበዛ የሚጎዳ፣ በተለይ ዓይንን የሚያሰጋ መድኃኒት ነበር፤ ነገር ግን ቤተሰብ ሁሉ በግልጽ ይጠጣው ስለ ነበር ልኩ፣ የሚጠጣበት ጊዜ፣ ለማን እንደማይሰጥ በሕዝብ ዘንድ ይታወቅ ነበር። አብሾ በምስጢር የሚጠጣ በመሆኑ እንዲህ ያለ የጋራ ልክ አላፈራም። የተጎዳው ተማሪ «ለከፈው» ወይም «ቀለም አናወዘው» ተብሎ ታለፈ፤ ጉዳቱም ትምህርት ሳይሆን ቀረ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ዝናውና ሥራው መቃረናቸው ነው። ስኮፖላሚን ትውስታን አያጠናክርም፤ እንዲያውም ተመራማሪዎች መርሳትን በሙከራ ለማስከተል ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1676 በቨርጂንያ ጄምስታውን የዚህን ተክል ቅጠል ቀቅለው የበሉ ወታደሮች ለቀናት አእምሯቸውን ስተው፣ ሲነቁ የሆነውን ሁሉ እንዳላስታወሱ ተጽፏል። የማናገር ዝናውም ቢሆን ባሕር ማዶ ታምኖበት ነበር፤ ሮበርት ሃውስ የተባለ የቴክሳስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1922 ስኮፖላሚንን «እውነት አናጋሪ» አድርጎ በእስረኞች ላይ ሞከረው። የተናገረ ሁሉ እውነት ተናገረ ማለት እንዳልሆነ ለመረዳት ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ግእዝ ዐዋቂው ስም አውጪ «አስተናግር» ብሎ ማቆሙ፣ ስለ እውነት አንድም ቃል አለመጨመሩ፣ ጥንቃቄ ነበር።

«ሳይኪደሊክ» የሚለው ቃል በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሐኪሙ ኦዝመንድ የተፈጠረ ሲሆን ከጽርእ «ነፍስ» እና «መግለጥ» ከሚሉ ቃላት የተገኘ ነው። አስተናግርን በዚህ ስም መጥራት ስሕተት ይመስለኛል። በሳይኪደሊክ ስሜቱ የተለወጠ ሰው ብዙውን ጊዜ መድኃኒት መውሰዱን ያውቃል፤ አስተናግር የቀመሰ ሰው ግን የሚያየው ሁሉ እውን ይመስለዋል፤ አፉ ይደርቃል፣ ብሌኑ ይሰፋል፣ ገላው ይግላል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ሽንቱ ይታገዳል። ይህ በአማርኛ ምርቃናም ስካርም አይደለም፤ ቅዠት ነው። ስለዚህ ለዚህ ወገን «አቃዥ ዕፅ» የሚለውን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለሌላው «ሳይኪደሊክ» እንዳለ ይቆይ።

የስያሜው ጉዳይ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳ የዚህ ተክል መርዝ በተቀላቀለበት የእርዳታ ዱቄት ምክንያት ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመው አምስት ሞተዋል። በዚያው በካዛንቺስ ጎን ባለው በአፍሪካ አዳራሽ የተቀመጠ አስተርጓሚ «አስተናግር»ን «የአእምሮ ማነቃቂያ ባህላዊ መጠጥ» ብሎ ቢያልፈው ማስጠንቀቂያው በትርጉም ይጠፋል። በችሎት ፊትም «አብሾ አለበት» የሚል ምስክር ተከሳሹ መርዝ ጠጥቷል ማለቱ አይደለም፤ ሲጠጣ ይለወጣል ማለቱ ነው። መርዙ በቀናት ውስጥ ከሰውነት የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ዕድሜ ልክ አድፍጦ በአረቄ ይነሣል የሚለው እምነት በሕክምና አይደገፍም፤ ሚስቱን ለደበደበ ሰው ማመካኛ ሲሆን ግን ሰምተናል።

ለወደፊት መዝገበ ቃላት የሚከተለውን አቀርባለሁ። አብሾ፤ ስም። ፩) በአብነት ተማሪዎች ዘንድ ቀለም ይገልጣል ተብሎ በምስጢር የሚጠጣ፣ በአብዛኛው ከአስተናግር (አጤ ፋሪስ) የሚዘጋጅ መጠጥ፤ መርዛማ፣ ቅዠትና ሞት የሚያስከትል፣ ትውስታን የሚያደክም። ፪) በከተማ አነጋገር፣ በመጠጥ ጊዜ የሚገለጥ ቁጡ ጠባይ፤ «አብሾ አለበት»። ሁለተኛው ፍች ከመጀመሪያው በፊት እንዳይሰፍር።