በተተለመ ብረት ላይ የሚያልፍ የኤሌክትሮን ጅረት

በታሪክ ክፍል ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ እንማራለን። ሳይንስም የራሱ ታሪክ አለው። እኔ የማወሳው አንድ መምህርና ተማሪው ከብረት ሰሌዳ ላይ ብርሃን ስላገኙበት ሥራ ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ አገር በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። መምህሩ በ1952 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ኤድዋርድ ፐርሴል፥ ተማሪው ስቲቭ ስሚዝ ነበሩ።

አሳባቸው እንዲህ ነው። ኤሌክትሮን በብረት አጠገብ ሲያልፍ፥ በብረቱ ገጽ ላይ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ይከተለዋል። ብረቱ እንደ እርሻ የተተለመ ከሆነ፥ ያ ተከታይ ሙል በትልሙ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። የሚወዛወዝ ሙል ደግሞ ሞገድ ይወልዳል። ስለዚህ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 600 ያህል ትልም ባለው ሰሌዳ ላይ፥ የብርሃንን ፍጥነት ሦስት አራተኛ ያህል የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች አሳለፉ። በዐይን የሚታይ ብርሃንም አገኙ። የኤሌክትሮኖቹ ፍጥነት ወይም የሚታይበት ማዕዘን ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል።

ነገር ግን ብርሃኑ ደካማ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት የስፖርት ቀን ሰልፋችንን እናስብ። እያንዳንዱ በየራሱ እርምጃ ቢሄድ የሚሰማው ጫጫታ ነው፤ እግር ከእግር ሲገጥም ግን ሜዳው ይናወጣል። 10 ኤሌክትሮኖች ተበታትነው ቢያልፉ የአንዱን 10 እጥፍ ኀይል ይሰጣሉ። ከሞገዱ ርዝመት ባነሰ ስፍራ ተሰብስበው ቢያልፉ ግን 100 እጥፍ ይሰጣሉ።

ታዲያ ማን ያሰልፋቸው? በ1960ዎቹ የሶቪየት ሊቃውንት ሩሲንና ቦጎሞሎቭ በተተለመው ሰሌዳ ፊት ለፊት መስተዋት አኖሩ። ሞገዱ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ አንዱን ኤሌክትሮን ያፈጥናል፥ ሌላውን ያዘገያል፤ በዚህም በቡድን በቡድን ይሰበሰባሉ። ያሰለፋቸው ራሳቸው የወለዱት ሞገድ ነው! ይህ መሣሪያ ኦሮትሮን ይባላል። በ1998 ደግሞ የዳርትመዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎች፥ ያለ መስተዋት፥ በሰሌዳው ላይ በሚሄደው ሞገድ ብቻ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ተሰለፉ አስታወቁ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ይህ ታሪክ አንድ ነገር ይጨምርልናል፤ ይኸውም ብዙ ሆኖ መገኘት ብቻውን እንደማይበቃ፥ እርምጃም መግጠም እንዳለበት ነው። ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን የምንለያይ ጓደኞቼ ይህን እንድናስብ እመኛለሁ። ስሚዝም ያን ብርሃን ሲያይ ገና ተማሪ እንደ ነበረ አንርሳ።