ነጩ ማዳበሪያ፦ ዩሪያ ከባቲ ግመል እስከ ጨፋ ማሳ

ክረምት ሲቃረብ በከሚሴና በዙሪያዋ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማዳበሪያ ገባ ወይ?» ስለ ዋጋውና ስለ ሰልፉ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን ከረጢቱ ውስጥ ስላለው ነጭ ነገር እናውራ። ምክንያቱም በዚያ ሁሉ መከራ የተገኘ ዩሪያ አንድ ዘለላ ሳያበቅል አየር ላይ በንኖ ሊቀር ይችላል። እንደ እኛ ባለ ሞቃት ቆላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ዩሪያ ሲጀመር የፋብሪካ ነገር አይደለም፤ ሽንት ውስጥ ያለ ውህድ ነው። አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን ተያይዘው ይሠሩታል። የበላነው ሥጋ፣ ወተት ወይም ሽሮ ፕሮቲኑ ሲፈራርስ አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያ ደግሞ ለሰውነት መርዝ ነው። ጉበት ይህንን መርዝ ጉዳቱ ወደ ቀነሰ ዩሪያ ይቀይረዋል፣ ኩላሊት ያስወግደዋል። አንድ ጤነኛ ትልቅ ሰው በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ገደማ ዩሪያ በሽንቱ ያወጣል። ሐኪም ኩላሊትን ሲጠረጥር ደም ውስጥ ያለውን ዩሪያ የሚያስለካውም ለዚህ ነው።

ግመል ግን ዩሪያን እንደ ቆሻሻ ብቻ አያየውም። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጣው ግመል መኖ ሲከፋበትና ውሃ ሲርቀው፣ ዩሪያውን ከመሽናት ይልቅ በደሙና በምራቁ አድርጎ ወደ ሆዱ ይመልሰዋል። ሆዱ ውስጥ ያሉት ደቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ወስደው ፕሮቲን ይሠሩበታል፤ ግመሉ ደግሞ መልሶ እነሱን ይፈጫቸዋል። በዚያውም ለሽንት የሚሄደውን ውሃ ይቆጥባል። ላም፣ በግና ፍየልም ይህን ያደርጋሉ።

ከሽንት የወጣው ዩሪያ መሬት ሲነካ ነገሩ ይገለበጣል። አፈርና ፍግ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ዩሪዬዝ በሚባል ኢንዛይም ሰብረው እንደገና አሞኒያ ያደርጉታል። ጠዋት በረት ሲገባ ዓይን የሚቆጠቁጠውና አፍንጫ የሚይዘው ሽታ ይኸው ነው፤ በሌላ አነጋገር ማዳበሪያው እየሄደ ነው። ከከብት የሚወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ገደማው በሽንት በኩል ነው፤ እኛ ግን ሀብት ብለን የምንቆጥረው እበቱን ብቻ ነው፣ እሱንም ኩበት አድርገን እናነደዋለን። ለማገዶ አማራጭ የሌለውን ሰው መውቀስ አይቻልም። ቢሆንም በረቱ ላይ ገለባ ጎዝጉዞ ሽንቱን ማስመጠጥና ፍግ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ወደ ፋብሪካው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1828 ፍሬድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ዩሪያን ከእንስሳ አካል ውጭ፣ በቤተ ሙከራ ሠራ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለውን ነገር ሕይወት ያለው አካል ብቻ ነው የሚሠራው የሚል እምነት ነበር። በ1913 ጀርመን ውስጥ የአየርን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን አጋጥሞ አሞኒያ የሚያወጣ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሃይድሮጅኑ በብዛት የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሲጋጠም ዩሪያ ይሆናል። ጉበት በዝምታ የሚሠራውን ማለት ነው። የጋዝ ዋጋ ሲንር የማዳበሪያ ዋጋ አብሮ የሚንረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አገራችን ጋዝም ድንጋይ ከሰልም እያላት ዩሪያውን ከውጭ ታስገባለች። በያዩ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ በልቶ ሳይጠናቀቅ ቀረ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል። እስከዚያው ከረጢቱ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና ይመጣል።

ያ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሆን ከውስጡ 46 በመቶው፣ ማለትም 23 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ቅጠል የሚያረንጉደው፣ ዘለላ የሚሞላው እሱ ነው። አሁን ይህን ዩሪያ ቦርከና ዳር፣ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ ዝናብ ባቋረጠበት ሳምንት እርጥብ አፈር ላይ በትኑትና ሂዱ። ሙቀቱና እርጥበቱ ዩሪዬዙን ያፋጥነዋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሆነው ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይበናል። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፤ ገበሬው «ዘንድሮ ማዳበሪያው አልሠራም» ብሎ ያልፋል። አመድ ወይም ኖራ ከተቀላቀለበት ደግሞ ይባስ ይፈጥናል። መፍትሔው ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር አፈር ማልበስ ነው፤ ለማሽላ፣ ተክሉ ጉልበት ሲደርስ ከሥሩ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ መቅበርና መኮትኮት። ለጤፍ መቅበሩ ስለማይመች ለሁለት ከፍሎ፣ ደህና ዝናብ ሊጥል ሲል መበተኑ ይሻላል። ውሃ የተኛበት ወይም ጎርፍ የሚሄድበት ማሳ ላይ ግን አይበተን፤ ገንዘቡ ወደ ቦርከና ነው የሚፈሰው።

ማሾ ለሚዘራ ሰው ዜናው ጥሩ ነው። ማሾ ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ የአየሩን ናይትሮጅን ራሱ ይይዛል። ዩሪያ ብታበዙለት ይሄን ሥራውን ያቆማል።

ሌላም ጥቅም አለው። የቺፕውድ ሙጫ ይሠራበታል፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ የሚሸጥ ቅባት ውስጥ ይገባል፣ የአዳዲስ ናፍጣ መኪኖችን ጭስ ለማጽዳትም ይውላል።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን የከብት መኖ ማሻሻያነቱ ነው፦ 5 ኪሎ ዩሪያ 100 ሊትር ገደማ ውሃ ውስጥ አሟሙቶ፣ 100 ኪሎ ገለባ ላይ እኩል አርከፍክፎ፣ በላስቲክ አጥብቆ ለሦስት ሳምንት መዝጋት። ገለባው ይለሰልሳል፣ ፕሮቲኑም ይጨምራል። ከመስጠታችሁ በፊት አናፍሱት፤ ጥጃ አይብላው፤ መጀመሪያም ከባለሙያ ጋር ሥሩት። ምክንያቱም ያው ዩሪያ በአንዴ ከተላሰ ከብት ይገድላል። የተቀደደ ከረጢት፣ ማዳበሪያ የታጠበበት ገንዳ፣ ጨው መስሎት የተላሰ ፍሬ በቂ ነው። በግማሽና በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሀጩ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። የእንስሳት ሐኪም በፍጥነት ይጠራ፤ ሐኪሙ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃና አቼቶ በአፉ ሊያጠጣው ይችላል። ከረጢቱን ደግሞ ከብት ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።