ከነርስነት እስከ ሁለተኛ ዲግሪ፦ የእናቶችና የሕጻናት ጤና ሥልጠና በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

መቱ ካርል ሆስፒታል ለኢሉባቦር ዞን ብቻ ሳይሆን ለቡኖ በደሌ እና ለጋምቤላ አጎራባች አካባቢዎች ነዋሪዎችም ትልቁ የሪፈራል መዳረሻ ነው። ስያሜውን ያገኘው «ሰዎች ለሰዎች» የተሰኘውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ከመሠረተው ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርል ሃይንዝ በም ነው። ከያዮ፣ ከዳሪሙ ወይም ከቡሬ በምጥ የተያዘች እናት ሕመሟ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሲሆን በአምቡላንስ ወደዚህ ትላካለች። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም መተንፈስ ያቃተው ሕጻንም እንዲሁ። ሐኪሙ አይቷቸው ወደ ሌላ ታካሚ ካለፈ በኋላ ሌሊቱን አብሯቸው የሚያድረው ነርሱ ወይም አዋላጅ ነርሱ ነው። ስለዚህ እነዚህ ባለሙያዎች እስከ ምን ድረስ ሠልጥነዋል የሚለው ጥያቄ የዩኒቨርሲቲዎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕጻናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ 59 ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ መሻሻል ክትባት፣ የአልጋ አጎበር እንዲሁም የተቅማጥና የሳንባ ምች ሕክምና እስከ ጤና ኬላ መውረዱ ትልቅ ድርሻ አላቸው። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ጨቅላዎች ቁጥር ግን በዚያው ፍጥነት አልወረደም። በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕጻናት 49 የነበረው፣ በ2008 ዓ.ም. 29፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 33 ነበር። ቀድሞ ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ሕጻናት በመጀመሪያው ወር የሚያልፉት ሲሦ አይሞሉም ነበር፤ አሁን ከግማሽ በላይ ሆነዋል።

የጨቅላ ሞት ዋነኞቹ ምክንያቶች ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ወቅት መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። አንዳቸውም ኪኒን ሰጥቶ ወደ ቤት በመመለስ የሚፈቱ አይደሉም። ሲወለዱ ራሳቸው መተንፈስ የሚቸገሩና እርዳታ የሚሹ ሕጻናት ከ100 ውስጥ 10 ያህል ይሆናሉ፤ እርዳታው ደግሞ በመጀመሪያዋ ደቂቃ መድረስ አለበት። በ2008 ዓ.ም. በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከ100 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። እናቶች ምክሩን ሰምተው መጥተዋል። ስለዚህ የቀረው ሥራ በአብዛኛው በተቋሙ ውስጥ ያለው ሥራ ነው።

ዘመናዊ የነርሲንግ ትምህርት በኢትዮጵያ ሥር የያዘው በ1940ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሪያን ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ለብዙ ዘመን ነርስነት በዲፕሎማ የሚቆም ሙያ ሆኖ ኖሯል። የመጀመሪያ ዲግሪው የተስፋፋው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሲሆን፣ ሁለተኛ ዲግሪው የመጣው ከዚያም በኋላ ነው።

መቱ ውስጥ ዛሬ የተለያዩ የሥልጠና ደረጃዎች ይገኛሉ። የመቱ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መካከለኛ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው መቱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጤና ሳይንስ ኮሌጁ ነርሶችንና አዋላጅ ነርሶችን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስመርቃል። ከዚያ በላይ መማር የሚሹ የኢሉባቦር ባለሙያዎች ለዓመታት የተከተሉት ቅርብ መንገድ በበደሌና በአጋሮ በኩል ወደ ጅማ የሚወስደው፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድ ነው። የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው፣ በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ከኅብረተሰቡ መካከል በማስተማር ይታወቃል። ሌሎች ባለሙያዎች ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጎንደር ይሄዳሉ።

የድኅረ ምረቃ ትምህርቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል። አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በመንግሥት ወጪ ለመማር ደግሞ የሥራ ልምድና ከአሠሪ መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። በቅርብ ዓመታት የተጀመረውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍም ግድ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ድጋፍ የሚማር ባለሙያ እንደተመረቀ ተመልሶ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ውል ይፈርማል። ውሉ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ወረቀት ሲታይ ይስተዋላል፤ ለአንድ ወረዳ ግን ከሥልጠናው በረከት የሚደርሰው ድርሻ የተጻፈው በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በእንግሊዝ አንድ ነርስ ወይም አዋላጅ ነርስ ከመደበኛ ሥልጠናው በኋላ ተጨማሪ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወስዶ የቤተሰብ ጤና ጎብኚ ይሆናል፤ ሕጻኑ ከተወለደ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ቤተሰቡን ይከታተላል። በአውስትራሊያም ነርሶችና አዋላጆች «የሕጻናትና የቤተሰብ ጤና» በሚል ስያሜ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይወስዳሉ። በኢትዮጵያ ግን ዘርፉ በብዛት የተከፋፈለ ነው፤ የሕጻናት ጤና ነርሲንግ ለብቻ፣ የእናቶችና የሥነ ተዋልዶ ጤና ለብቻ፣ የአዋላጅነት ሕክምና ለብቻ ይሰጣል። ቤት ለቤት የሚደረገውን የቤተሰብ ክትትል ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተረክቦታል። ለሰፊ ገጠር ይህ አደረጃጀት አዋጭ ነበር፤ ለሞት ቅነሳውም አስተዋጽኦ አድርጓል። ይሁን እንጂ ከፍተኛ ዕውቀት ያለው ባለሙያ በከተማ ሆስፒታል፣ ቤተሰቡን በስም የምታውቀው ባለሙያ በቀበሌ ሆነው፣ ሁለቱ የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በሪፈር ወረቀት ብቻ ሆኗል።

በሁለተኛ ዲግሪው ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል ኤፒዴሚዮሎጂ፣ ባዮስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ይገኙበታል። ለታካሚው ቅርብ የሆነው ግን በሆስፒታል የሚደረገው ልምምድ ነው። የሕጻናት ጤና ሠልጣኝ ያለ ጊዜው የተወለደን ሕጻን እንዴት እንደሚያሞቅ፣ እንደሚመግብና ከኢንፌክሽን እንደሚጠብቅ ይማራል። ከውሃ ጠርሙስ ጋር በተያያዘ ቱቦ አየር በመጠነኛ ግፊት የሚሰጠውን መሣሪያ መቼ መጠቀም እንደሚገባ፣ ኦክስጅን ሲበዛ የሕጻኑን ዓይን እንደሚጎዳ፣ በከፍተኛ ምግብ እጥረት የተጎዳ ሕጻን የሕክምና ወተት የሚጀመርለት በጥቂት በጥቂቱ እንደሆነ ያጠናል። የአዋላጅነት ሠልጣኙ በበኩሉ ከወሊድ በኋላ የሚከሰትን የደም መፍሰስ መቆጣጠርን፣ ደም ግፊቷ ጨምሮ የምትንቀጠቀጥን ነፍሰ ጡር በማግኒዥየም ሰልፌት ማከምን ያዳብራል። ሙያው በኢትዮጵያ የሴቶች ብቻ አይደለም፤ አዋላጅ ነርስ የሆኑ ወንዶች በርካታ ናቸው።

ከሁሉም ርካሹና ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ሕጻኑን ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አገናኝቶ ማቀፍ ነው። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከተማ ማሞቂያ መሣሪያ በማነሱ የተጀመረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ለሆኑ ሕጻናት ወዲያው ከተወለዱ በኋላ እንዲጀመር መክሯል። ዝናብ በማይጠፋባቸው የጎሬና የመቱ ደጋማ አካባቢዎች መብራት ቢጠፋም የማይቋረጥ ሙቀት ነው። ሥራው ግን እናቲቱን በአፋን ኦሮሞ አስረድቶ፣ አባትና አያትም ተራ ገብተው እንዲያቅፉ ማሳመንን ይጠይቃል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ይህን ክህሎት ሠልጣኙ በአብዛኛው የሚያዳብረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቶች ጋር ውሎ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ለመመረቂያ ጥናት ይውላል። ለዚህ ሲባል መጠይቅ የያዙ ሠልጣኞች በአራስ እናቶች አልጋ ዙሪያና በቀበሌዎች ይዘዋወራሉ። ጥናቱ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ውጤቱ መጠይቁን ወደ መለሱት ቤተሰቦችና ወደ ጤና ጣቢያቸው በሚገባ ቋንቋ ሲመለስ እምብዛም አይታይም።

ከምረቃ በኋላ ያለው ጉዞ ከሥልጠናው ይልቅ አከራካሪ ነው። ባለፉት 20 ዓመታት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት ሲከፈቱ መምህራን ያስፈልጓቸው ነበርና፣ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ነርስ ከታካሚው አልጋ ይልቅ ወደ መማሪያ ክፍል መሄዱ የተለመደ ሆነ። መምህር ባይኖር ተከታዩ ትውልድ አይሠለጥንም፤ ይህ እውነት ነው። ይሁንና የጨቅላ ሕጻናት ክፍልን ሌሊት የሚጠብቀው ባለሙያ አዲስ ምሩቅ፣ ዕውቀቱ ያለው ደግሞ ሌላ ግቢ ውስጥ ከሆነ ሥልጠናው ለሕጻኑ አልደረሰም። የሚያስተምረው ነርስ ተማሪዎቹን ይዞ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት በክፍሉ ተረኛ የሚሆንበት አሠራር ለሁለቱም ይበጃል። ልምድ ያካበቱ የሆስፒታል አዋላጆች ወደ ጤና ጣቢያ እየወረዱ ባልደረቦቻቸውን በሥራ ላይ ሲደግፉም ዕውቀቱ እስከ ጎሬ፣ ሁሩሙና አልጌ ሊደርስ ይችላል።

ከነርሲንጉ ዘርፍ ጎን ለጎን በ2001 ዓ.ም. ገደማ በጅማ፣ በመቐለና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናም መጠቀስ አለበት። በዋናነት የጤና መኮንኖችን ተቀብሎ በሦስት ዓመት ያሠለጥናል፤ ምሩቃኑ ስፔሻሊስት ሐኪም በሌለባቸው ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ።

የትኛውም ሥልጠና ግን ሕጻኑ በሰዓቱ ካልመጣ አይጠቅምም። ጡት መጥባት ያቆመ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ የሚያተኩስ ወይም የቀዘቀዘ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ የሆነ፣ እምብርቱ ዙሪያ የቀላ ወይም መግል የያዘ ጨቅላ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ቡና በሚለቀምባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ቤተሰቡ ማሳ ውስጥ ስለሚውል ምልክቶቹ ሳይታዩ ሊያልፉ ይችላሉ። በመንገድ ላይም ሕጻኑ ደረቅ ጨርቅና ኮፍያ ለብሶ፣ በእናቱ ደረት ቆዳ ለቆዳ ታቅፎ፣ መጥባት ከቻለም እየጠባ ይጓዝ።