የተነከሰች ጣት

በ1856 ዓ.ም. ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚስዮናዊ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ዐፄ ቴዎድሮስን ሊሰናበት ቀረበ። ንጉሡ በዚያ ሰዓት ተቆጥተው ነበርና ሁለት አገልጋዮቹ በፊቱ ተደበደቡ፤ በዚያው ሞቱ። ስተርን ከጭንቀቱ የተነሣ ጣቱን ነከሰ። በዚያ ዘመን በአገራችን ጣት መንከስ ግን «ቆይ፣ እበቀላለሁ» ማለት ነበር። እርሱም ተደብድቦ ታሰረ። ኋላም በጻፈው መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ ማስፈሩ ተገኘበት፤ ለቴዎድሮስ ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ቁስል ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ልከዋል። የለንደን ሹማምንት ግን መልስ ሳይሰጡ አስቀመጡት። ለእነርሱ ብዙም የማያስቸኩል ወረቀት ነበር፤ ለንጉሡ ግን ንቀት ሆነ። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ ያ ዝምታ ግን ነቀዘ። ቆንሲል ካሜሮን በሰንሰለት ታሰረ። መልሱ በራሳም እጅ የደረሰው በ1858 ዓ.ም. ነው። ነገሩ በሽምግልና ሳይበርድ ቀርቶ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በጦርነትና በንጉሡ ሞት አበቃ።

የንጉሡን ጭካኔ ባህል አያጸድቀውም። ነገር ግን ጠቡን ያባሰው ክፋት ብቻ አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን ምልክት በራሱ መዝገበ ቃላት ማንበቡም ጭምር ነው።

ይህ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። አቃቂ ቃሊቲ ለፋብሪካ ሥራ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። በቅርቡ ሁለት ወጣቶቻችን ተጣልተው አንደኛው ለይቅርታ ሽማግሌ ላከ። ሌላኛው «ራሱ መምጣት አቅቶት ነው?» ብሎ ባሰበት። እኔም ፈጥኜ «እውነትህን ነው» አልኩት። ለካስ ላኪው ባደገበት ቀዬ በዳይ ሽማግሌ ሳያስቀድም ደጅ ቢመጣ እንደ ድፍረት ይቆጠራል! አክብሮቱን ትዕቢት አድርጌ ስላነበብኩት፣ ከሁለቱ በፊት ይቅርታ የጠየቅሁት እኔው ነበርኩ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ከአይሁድም ከአሕዛብም ጋር እንደየአኗኗራቸው የተቀራረበው እውነትን ሸጦ አይደለም፤ ሰዎቹን ስላከበረ ነው። ስለዚህ ስታስታርቁ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ አስቀድሙ፦ «ይህ በእናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?» በዚያ ቀን ስተርንን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።