የሃምሳ አለቃው ደመወዝ፦ ከ1775 እስከ ዛሬ

የአሜሪካ ጦር ሠራዊትና የደመወዝ ሰንጠረዡ የተወለዱት በአንድ ቀን ነው። ጁን 14 ቀን 1775 (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰበው ኮንግረስ የመጀመሪያዎቹ የጠመንጃ ሻምበሎች እንዲመለመሉ ሲወስን፣ በዚያው ውሳኔ ለሻምበሉ አዛዥ በወር 20 ዶላር፣ ለሃምሳ አለቃ 8፣ ለአሥር አለቃ 7 ከ1/3፣ ለተራ ወታደር 6 ከ2/3 ዶላር ቆረጠ። መሣሪያውንና ልብሱን ወታደሩ ከራሱ ያመጣል። ሃምሳ አለቃው ከሚያዝዛቸው ሰዎች የሚበልጠው በ1 ዶላር ከ33 ሳንቲም ብቻ ሲሆን አዛዡ ግን የእሱን ሁለት እጥፍ ተኩል ያገኛል። ከዚያ ወዲህ ባለፉት 250 ዓመታት የአሜሪካ መንግሥት ስለ ምልምሉም ስለ ጄኔራሉም ደመወዝ ሳይታክት ሲመክር ኖሯል። መሃል ላይ ያለው ባለሌላ ማዕረግ ግን ትዝ የሚለው ወይ ሲያምፅ ወይ ጥሎ ሲሄድ ነው።

አመፁ ለመምጣት ስድስት ዓመት አልፈጀበትም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1781 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞሪስታውን አጠገብ ሰፍረው የነበሩት የፔንስልቬኒያ ወታደሮች ሰፈራቸውን ጥለው ወደ ፊላደልፊያ አቀኑ። ደመወዝ ካዩ ብዙ ወራት አልፏል፤ ልብሳቸው አልቋል። በ20 ዶላር ብቻ ፈርመው የገቡት ነባሮች፣ አዳዲሶቹ ምልምሎች ከእነሱ የተሻለ የመፈረሚያ ገንዘብ ሲቀበሉ በዓይናቸው አይተዋል። መኮንኖቹ ሊያስቆሟቸው ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ሰልፉን የያዙት ሃምሳ አለቆች ነበሩ። ከመካከላቸው ቦርድ መርጠው ፕሪንስተን ላይ ከፔንስልቬኒያው መሪ ከጆሴፍ ሪድ ጋር ተደራደሩ። የእንግሊዙ ጄኔራል ክሊንተን ይህን ሰምቶ ውዝፋችሁን እኔ ልክፈል የሚል መልእክት በሁለት ሰዎች ላከባቸው። ሃምሳ አለቆቹ መልእክተኞቹን ይዘው አሳልፈው ሰጡ፤ ሁለቱም ተሰቀሉ። እነዚህ ሰዎች ጠላታቸውን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የጠየቁት የላባቸውን ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ነው። በ1863 ነጩ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው ለጥቁሩ 10 ዶላር ይታሰብለትና 3ቱ ለልብስ ተብሎ ይያዝበታል፤ እጁ የሚገባው 7 ነው። ማዕረግም አያድነውም፤ ጥቁር ሻለቃ ባሻም ጥቁር ተራ ወታደርም ያው 7 ዶላር ነው። የጥቁሮቹ የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት ሙሉው ካልተከፈለን አንቀበልም ብሎ ያለ ደመወዝ ተዋጋ፤ ግዛቲቱ ልዩነቱን ከራሷ ካዝና ልሙላ ስትልም አሻፈረኝ አለ። የሳውዝ ካሮላይናው 3ኛ ሬጅመንት ሃምሳ አለቃ ዊሊያም ዎከር ደግሞ በኖቬምበር 1863 ጓዶቹን መርቶ ወደ አዛዡ ድንኳን ሄደ፤ ጠመንጃቸውንም እዚያው ፊት ለፊት ደርድረው አስቀመጡ። መንግሥት የገባልንን ቃል ካላከበረ እኛም አንታዘዝም ማለታቸው ነበር። ዎከር በአመፅ ተከሶ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1864 በጥይት ተገደለ። ኮንግረስ ክፍያው እኩል እንዲሆን ያዘዘበትን ሕግ ያወጣው በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ ሰውየው ከተቀበረ ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባ ሰማንያ ዓመታት ብዙ አያቆሙንም። በ1942 የወጣው ሕግ ለተራ ወታደር 50፣ ለሃምሳ አለቃ 78፣ ለከፍተኛው ባለሌላ ማዕረግ 138 ዶላር ወሰነ። በዚያው ዓመት ለወታደር ሚስት በየወሩ 50 ዶላር መላክ ተጀመረ፤ 22ቱ ከባልየው ደመወዝ ይቆረጣል፣ 28ቱን መንግሥት ይጨምራል። በ1949 ዛሬም የሚሠራበት፣ ከምልምሉ ኢ-1 እየተነሣ የሚወጣው የባለሌላ ማዕረጎች እርከን ተዘረጋ፤ በ1958 ኢ-8 እና ኢ-9 ተጨመሩበት።

የመሃሉን ሰው ዛሬ ያለበት ቦታ ያደረሰው ብሔራዊ ውትድርና ነው። ተገዶ ለሚመጣ ወጣት ማን ብዙ ይከፍላል? ከ1952 እስከ 1964 ከሁለት ዓመት በታች ያገለገለ ወታደር አንድም ጭማሪ አላየም። ግዳጁ ሊቀር ሲል ግን ወጣቱን በገንዘብ መሳብ ግድ ሆነና በ1971 መጨረሻ የጀማሪው ደመወዝ በአንዴ ወደ እጥፍ አደገ። ይህ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ታች ያለው ሲነሣ መሃል ያለው ባለበት ቀረ፤ በትናንቱ ምልምልና አሥር ዓመት ባገለገለው ሰው መካከል የነበረው ርቀት ጠበበ። የቀረውን የ1970ዎቹ የኑሮ ውድነት በላው።

ውጤቱ በ1980 ጸደይ ኖርፎክ ወደብ ላይ በገሃድ ታየ። ካኒስቲዮ የተባለችው የባሕር ኃይሉ ነዳጅ አቅራቢ መርከብ መውጣት አቃታት። የጎደላት ልምድ ያለው ባለሌላ ማዕረግ ነበር፤ አዛዧም በያዝኩት ሰው መርከቧን በደኅና ልነዳት አልችልም አለ። ምልምል በጥቂት ወራት ይሠለጥናል፤ የመርከብ ሞተር ክፍልን በኃላፊነት የሚይዝ ሰው ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ያ ሰው አንዴ ከወጣ በማስታወቂያ አይተካም። በዚያው ዓመት የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ኤድዋርድ ሜየር ሠራዊቱ ውስጡ ባዶ መሆኑን ለኮንግረስ ተናገሩ። በኦክቶበር 1980 የ11.7 በመቶ፣ በዓመቱ የ14.3 በመቶ ጭማሪ መጣ። ሁለተኛው ልዩ ነበር፤ ለጀማሪው 10 በመቶ ሲሰጥ ለነባሮቹ ባለሌላ ማዕረጎች እስከ 17 በመቶ ደርሷል። በ2001ም ለኢ-5፣ ለኢ-6 እና ለኢ-7 ለብቻቸው ተጨምሮላቸው ነበር።

ዛሬ አሥር ዓመት ያገለገለ ኢ-6 የደመወዝ ወረቀቱን ሲከፍት ሦስት ዋና መስመሮች ያገኛል። አንደኛው መደበኛ ደመወዝ ነው፤ በማዕረግና በአገልግሎት ዘመን ይወሰናል፣ ግብርም አለበት። ሁለቱ የቤት አበልና የቀለብ አበል ናቸው፤ ግብር የለባቸውም። ብዙ ሰው ሦስቱን ደምሮ ደመወዜ ይህን ያህል ነው ይላል፤ ጡረታ ሲሰላ ግን የሚቆጠረው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። የቤት አበሉ ከማዕረጉ ሌላ የጦር ሰፈሩን አካባቢ ኪራይ ይከተላል። ማዕረጉና የቤተሰቡ ሁኔታ ካልተለወጠ፣ እዚያው እስካለ ድረስ አይቀነስበትም፤ ከሳን ዲዬጎ ኪራይ ወደረከሰበት ከተማ ሲዛወር ግን በአዲሱ ቦታ ተመን ይተካል። የኑሮ ወጪውን በድምሩ ልክ ያሰፋ ቤተሰብ የሚደነግጠው ያን ጊዜ ነው። ተመኑ ጥገኛ ያለውና የሌለው ተብሎ ለሁለት ብቻ ስለሚከፈል አንድ ልጅ ያለውና አራት ልጅ ያለው እኩል ያገኛሉ። የቀለብ አበሉ በ2025 በወር 465.77 ዶላር ነበር፤ የታሰበውም ለወታደሩ ለራሱ ምግብ ነው። በዚያ ላይ ኢ-5 ላይ የቆየ ሰው ከ12ኛ ዓመቱ በኋላ፣ ኢ-6 ላይ የቆየ ደግሞ ከ18ኛ ዓመቱ በኋላ በአገልግሎት ዘመን ብቻ የሚያገኘው የእርከን ጭማሪ ያበቃል።

ለረጅም ዘመን 20 ዓመት ሳይሞላ በፈቃዱ የወጣ ሰው ጡረታ አልነበረውም፤ አሥረኛ ዓመቱ ላይ ያለ ሰው ቢከፋውም ዘመኑን እየቆጠረ ይቆይ ነበር። ከ2018 ወዲህ የገቡት የ20 ዓመት ጡረታቸው ከ50 ወደ 40 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ በምትኩ መንግሥት ከመደበኛ ደመወዛቸው እስከ 5 በመቶ የሚደርስ የቁጠባ መዋጮ ያደርግላቸዋል። በዚህ አዲስ ሥርዓት ውስጥ ሆኖ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱ ሳይሞላ ለተጨማሪ ዘመን የሚፈርም መደበኛ ወታደር ደግሞ ቢያንስ የወር መደበኛ ደመወዙን 2.5 እጥፍ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ያን ገንዘብ ዕዳ መክፈያ ከማድረጉ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያሰላው አጥብቄ እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ለእኛም ሰው የቅርብ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ በወታደርነት መቀጠር ይችላል፤ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ስለሚጠየቅ፣ ዲግሪ ይዞ የሄደው ሳይቀር በባለሌላ ማዕረጉ መስመር ይጀምራል። አገር ቤት ያሉ እናትና አባቱን የሚጦር ሃምሳ አለቃ ወላጁን በጥገኝነት ለማስመዝገብ ከመተዳደሪያቸው ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው እሱ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት አለበት። ያን ካላሳየ በየወሩ የሚልከውን ብር የደመወዝ ሰንጠረዡ አያውቀውም።

በጃንዋሪ 2025 ለሁሉም 4.5 በመቶ ተጨመረ፤ በኤፕሪል ከኢ-1 እስከ ኢ-4 ላሉት ሌላ 10 በመቶ ታከለ። የምግብ እርዳታ እስከ መጠየቅ ለደረሱ ወጣት ቤተሰቦች ሲያንስ እንጂ የሚበዛ አይደለም። ሆኖም ከኢ-4 ወደ ኢ-5 የሚያድገው ሰው፣ ለሌሎች ወታደሮች ሥልጠና፣ ሥነ ሥርዓትና ሕይወት ተጠያቂ በሚሆንበት ቀን የሚያገኘው ብልጫ ከቀድሞው አንሷል። የ1981ዱ ዓይነት ለመሃሉ የሚያደላ ጭማሪ መከተል ነበረበት ባይ ነኝ። በጃንዋሪ 2026 የመጣው 3.8 በመቶ ግን ከላይ እስከ ታች ለሁሉም አንድ ስለሆነ የጠበበውን ልዩነት እዚያው ባለበት አስቀምጦታል።