የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፦ ሙቀትና የአመራረት ግድፈት

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከመያዣው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ክርና መንጠቆ የሚሸከም፣ ዓሣው ሲታገል እየጎበጠ የሚያደክመው መሣሪያ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዘንግ የካርቦን ክር ወይም ፋይበርግላስ በኢፖክሲ ሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ቱቦ ነው። ሙቀት በዚህ ዕቃ ሕይወት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል። መጀመሪያ ፋብሪካ ውስጥ ምድጃ ሆኖ ያበስለዋል፤ በኋላ ደግሞ ፀሐይ፣ የቆመ መኪናና የክር ፍትጊያ ሆኖ ይፈትነዋል። በመጀመሪያው እሳት ጥሬ የቀረ ዘንግ በሁለተኛው ይጋለጣል።

በአዲስ አበባ ወሎ ሰፈር፣ የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ከቦሌ መንገድ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ የሚኖር ሰው ዘንግ ቢኖረው የሚጥልበት ሐይቅ በቅርብ የለውም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች ወደ ዓሣ የሚወስደው መንገድ ሁሉ ቁልቁል ነው። ዝዋይና ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ጫሞ ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ በ6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይሞቃል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ቁም ሣጥን ጀርባ ተደግፎ የከረመ ዘንግ በአንድ ቀን ጉዞ ሌላ አገር ይገባል። ባሮ ዳር ጋምቤላ ድረስ ከወረደማ በበጋው መጨረሻ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ጥላ ይጠብቀዋል። በእነዚህ ውኃዎች ዓሣ ለገበያ የሚያወጣው አስጋሪ ኑሮው የተመሠረተው በመረብና በረጅም የመንጠቆ ገመድ ላይ ስለሆነ፣ ፋብሪካ የሠራው ዘንግ በአብዛኛው የመዝናኛ ዕቃ ነው። የሐይቅ ዳር ልጆች ዘንግ ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ሲሆን እሱም የራሱ የሙቀት ታሪክ አለው።

ቀርከሃ ሲቆረጥ እርጥብና ጠማማ ነው። ባለሙያው እሳት ላይ እያገላበጠ ያሞቀዋል፤ ሲለሰልስ ያቀናዋል፤ እንደተያዘ ሲቀዘቅዝ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሙቀቱ እርጥበቱን አስወጥቶ ያጠነክረዋል። ትንሽ ካለፈ ግን ያሳርረዋል፣ ያረረ ቀርከሃም እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ይላል። ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዓይነቶች አሏት። እንጅባራን በመሰሉ ደጋማ ቦታዎች የሚበቅለው ውስጡ ክፍት ነው፤ በአሶሳ አካባቢ የሚታወቀው የቆላው ቀርከሃ ግን ሲጎለምስ ድፍን ወይም ወደ ድፍን የተጠጋ ይሆናል። ሳይጎለምስ የተቆረጠ፣ ነቀዝ የገባበት ወይም አንጓው ላይ የተሰነጠቀ ግንድ ማንም ፋብሪካ ሳይነካው ግድፈቱን ይዞ የመጣ ነው። በዓለም ዙሪያ ስመ ጥር የሆኑት የቀርከሃ ዘንጎች የሚሠሩት ከቻይና ጓንግዶንግ ከሚመጣው የቶንኪን ቀርከሃ ነው። ግንዱ በቀጭን ይሰነጠቃል፣ ስድስት ባለ ሦስት ማዕዘን ሰንጣቂዎች በሙጫ ይገጣጠማሉ፤ ከመገጣጠማቸው በፊት ግን በምድጃ ይጋገራሉ።

አሜሪካዊው አርተር ሃዋልድ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፋይበርግላስ ዘንግ አሠራርን ለሼክስፒር ኩባንያ ካስተዋወቀ በኋላ ቀርከሃው ገበያውን እየለቀቀ ሄደ። በ1960ዎቹ እንግሊዝ ፋርንቦሮ ውስጥ ለአውሮፕላን ተብሎ የተሻሻለው የካርቦን ክርም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፌንዊክ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኩል ወደ ዘንግ ገበያ ገባ።

የካርቦኑ ዘንግ አሠራር ከብየዳ ይልቅ ለምጣድ ይቀርባል። ቀድሞ በኢፖክሲ የተነከረው ስስ የካርቦን ጨርቅ በልክ ይቆረጥና ጫፉ እየቀጠነ በሚሄድ ብረት ላይ ይጠቀለላል። በላዩ የፕላስቲክ ጥብጣብ በኃይል ተወጥሮ ይጠመጠምበታል። ከዚያ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ይቆያል። ሙጫው መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ጥብጣቡ በሙቀት ሲኮማተር ጨርቁን ጨምቆ አየሩንና ትርፍ ሙጫውን ያስወጣል፣ በመጨረሻም ሙጫው ዳግም በማይቀልጥበት ሁኔታ ይጠጥራል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠብ ከውስጥ ተስቦ ይወጣል፤ የሚቀረው ባዶ ቱቦ ነው።

ግድፈቶቹ የሚወለዱት በእነዚህ ጥቂት እርምጃዎች መካከል ነው። ጥብጣቡ ከላላ አየር ውስጥ ይቀራል። በእንጀራ ላይ ዓይን የሙያ ምስክር ነው፤ በዘንግ ግድግዳ ውስጥ ግን ያቺ ዓይን መሰንጠቅ የሚጀምርባት ቦታ ናት። ጨርቁ ሲጠቀለል ከታጠፈ ወይም ከተጨማደደ ክሮቹ ቀጥ ብለው ጭነት መሸከማቸው ቀርቶ በዚያች ነጥብ ላይ ይሰበራሉ። ሙጫ ያነሰበት ቦታ ክሮቹ እርስ በርስ አይያያዙም፤ የበዛበት ደግሞ ክብደት ይጨምራል እንጂ ጥንካሬ አይሰጥም። ምድጃው ቶሎ ከተከፈተ ወይም ሙቀቱ ካነሰ ሙጫው ጥሬ ይቀራል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ዓይን አያየውም። ጥሬው ዘንግ ሱቅ ውስጥ ከበሰለው ጋር ጎን ለጎን ተሰቅሎ አንድ ዓይነት ያብረቀርቃል።

ከምድጃው በኋላም ቢሆን ጉዳዩ አላለቀም። ጥብጣቡ የተወውን መስመር ለማጥፋት ዘንጉ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ እጅ ከከበደ ላይኛው ክር ይቆረጣል። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች እግራቸው ሳይሞረድ ስለት እንደሆነ ከታሰረ ዘንጉ በጎበጠ ቁጥር ግድግዳውን ይፈቀፍቃል። እየተሳበ የሚረዝመው ርካሽ ዘንግ ደግሞ ድካሙ መጋጠሚያው ላይ ነው፤ አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ በልክ ካልተቀመጠ ጭነቱ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ቀለበት ላይ ያርፋል። በሌላ በኩል ግድፈት የሚመስል ግን ያልሆነ ነገር አለ። የጨርቁ ጠርዝ በሚደራረብበት በኩል ዘንጉ በጥቂቱ ይጠነክራል። ይህ በተጠቀለለ ቱቦ ሁሉ ያለ ጠባይ ነው።

የትኛው ሙቀት ነው ታዲያ የሚጎዳው? በደንብ የበሰለ የካርቦን ቱቦ የሚለሰልሰው ብዙ ጊዜ 100 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። የኢትዮጵያ ፀሐይ፣ የአፋሯም ብትሆን፣ ብቻዋን እዚያ አታደርሰውም። ችግሩ ዘንግ ቱቦ ብቻ አለመሆኑ ላይ ነው። ቀለበቶቹን የሚያስረው ክር የሚቀባው ኢፖክሲ ምድጃ ሳይገባ በክፍል ሙቀት የሚደርቅ በመሆኑ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ሊጀምር ይችላል። የጫፍ ቀለበቱ በብዙ ዘንጎች ላይ በሚቀልጥ ሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ይህም ሆን ተብሎ፣ ሲሰበር በቀላሉ እንዲለወጥ የተደረገ ነው። የአረፋ መያዣ በሙቀት ይኮማተራል፣ የቡሽ መያዣ ደግሞ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል።

አርባ ምንጭ ላይ በ35 ዲግሪ ቀን መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ ወደ 70 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ዘንጉ እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ቢተኛ ብዙ አይሆንም ይሆናል፤ በመቀመጫዎቹ መካከል ጎብጦ ከተሰካ ግን ማሰሪያዎቹ ይላላሉ፣ ጥሬ የቀረ ዘንግም የጎበጠበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ወሎ ሰፈርም ብትሆን ከዚህ ነፃ አይደለችም። በቆየ ቤት ዘንግን ከኮርኒስ በላይ ማስቀመጥ የተለመደ የቦታ ቁጠባ ነው፤ በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ግን ከቆርቆሮው ሥር ያለው አየር ከሳሎኑ አየር ጋር አይገናኝም። በደጋው ላይ የሚበረታው አልትራቫዮሌት ጨረርም ውጭ የሚያድረውን ዘንግ ሙጫ ያወይባል፣ ያፈዝዛል።

ሌላው ሙቀት ከዓሣው ነው የሚመጣው። የናይል ፐርች ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የጫሞም ሐይቅ በእሱ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ዓሣ ተይዞ ሲሮጥ ክሩ ቀለበቱን እየፈተገ ያግለዋል። የተጎነጎነው የፖሊኢቲሊን ክር 150 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ናይለኑ ደግሞ ከ200 በላይ፤ ሁለቱም ከመቅለጣቸው ብዙ ቀደም ብለው ይደክማሉ። የጃፓኑ ፉጂ በሲሊኮን ካርባይድ የሠራቸው ቀለበቶች የተወደዱት ጠንካራ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ክፈፉ ያስተላልፉታል። ሲመረት የተሰነጠቀ ቀለበት ግን ምንም ዓይነት ቢሆን ክር ቆራጭ ነው። ቀለበቶቹን በጥጥ ጠራርጎ ማየት ይቻላል፤ ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል።

ዘንግ ሲሰበር ገዢው ፋብሪካውን ይከሳል፣ ሻጩ ፀሐይን። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ካርቦን ሲሳብ እጅግ ብርቱ፣ ሲመታ ግን ደካማ ነው። በእርሳስ ማስመጫ የተመታ፣ የመኪና በር የዘጋበት ወይም ዓሣው እግር ሥር ሲደርስ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የተሳበ ዘንግ ከወራት በኋላ በቀላል ጭነት ሊሰበር ይችላል። የፋብሪካ ግድፈት ባብዛኛው ቶሎ ይታወቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች፣ በመካከለኛ ጭነት ላይ። ሙቀት የጎዳው ግን ብዙውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ ቀለበቱ ይዞራል፣ ቅቡ ያብጣል ወይም ይነጣል፣ ዘንጉ ከጭነት ሲላቀቅ ቀጥ ማለት ያቅተዋል።

ሙቀት ለጥገናም ያገለግላል። የተሰበረ የጫፍ ቀለበት ለማውጣት ብዙ ሰው ላይተር ይለኩሳል። የነበልባሉ ሙቀት የቱቦውን ሙጫ ከሚያለሰልሰው እጅግ ስለሚበልጥ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የዘንጉን ቀጭን ጫፍ ያሳርረዋል፤ አዲሱ ቀለበት የሚለጠፈውም ባረረው ላይ ይሆናል። የፈላ ውኃ ይሻላል። ውኃ ከመፍያ ነጥቡ በላይ አይሞቅም፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለበሰለ ቱቦ ስጋቱ ከባሕር ዳርቻ አገሮች እንኳ ያነሰ ነው። ለብዙዎቹ የጫፍ ሙጫዎች ይኸው ይበቃል፤ ጫፉ ጥቂት ጊዜ ተነክሮ ቀለበቱ በመያዣ ሲሳብ ተንሸራትቶ ይወጣል።