ከሻዩ ጋር የመጣው መጽሐፍ

ስለ አሜሪካ አብዮት ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የቶማስ ፔይን መጽሐፍና የ1776ቱ የነጻነት መግለጫ ነው። የዘመኑን መልክ ከነጉድለቱ የሚያሳየው ግን ፊሊስ ዊትሊ የተባለች ባሪያ የደረሰችው የግጥም መጽሐፍ ታሪክ ነው።

ሕፃኒቱ ከምዕራብ አፍሪካ ተግዛ እ.ኤ.አ. በ1761 ቦስተን ስትደርስ የወተት ጥርሶቿ ገና መውለቃቸው ስለነበር፣ ዕድሜዋ በሰባት ዓመት ገደማ ተገመተ። የጫነቻት መርከብ ስም ስሟ ሆነ። የገዛት የነጋዴው የጆን ዊትሊ ቤተሰብ ፊደል አስቆጠራት፤ እርሷም ከእንግሊዝኛው አልፋ ላቲን ተማረች። በአንድ ግጥሟ ራሷን ኢትዮጵያዊት ብላለች፤ ይህም ጥቁር ሕዝብን ሁሉ የሚያጠቃልል የዘመኑ አጠራር እንጂ የትውልድ አገሯ ስም አይደለም።

በ1772 ግጥሞቿን በቦስተን ለማሳተም ታስቦ ገዢዎች አስቀድመው እንዲመዘገቡ ቢጠየቅ በቂ ሰው ጠፋ። በመሆኑም መጽሐፉ በ1773 ለንደን ላይ ታተመ። ግጥሞቹ የእርሷ ለመሆናቸው 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች በፊርማቸው መስክረዋል። የንጉሡ አገረ ገዢ ቶማስ ሃቺንሰንና ኋላ የነጻነቱን መግለጫ የፈረመው ጆን ሃንኮክ በፖለቲካ ዓይንና ናጫ ሳሉ፣ በዚህ ወረቀት ላይ ግን ስማቸው አብሮ ይገኛል። ነጭ ገጣሚ እንዲህ ያለ ምስክር አይጠየቅም ነበር።

መጽሐፉን ወደ ቦስተን ያመጣችው መርከብ «ዳርትመዝ» ሻይም ጭና ነበር። በዲሴምበር 16 ቀን 1773 ቦስተናውያን ከሦስት መርከቦች ከ300 ሣጥን በላይ ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ። ደራሲዋ በዚያው ዓመት ከባርነት ወጥታ ራሷን ማስተዳደር ጀምራ ስለነበር እንጀራዋ ያ መጽሐፍ ነበር። ደግነቱ መጻሕፍቱ ተርፈው በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ ለገበያ ዋሉ።

በ1774 ለሞሂጋኑ ሰባኪ ለሳምሶን ኦከም በጻፈችውና ጋዜጦች ባወጡት ደብዳቤ፣ ነጻነት እየጠየቁ ሰው የሚገዙትን ሰዎች ቃላቸውና ሥራቸው አለመግጠሙን በትሕትና፣ ነገር ግን አጥንት በሚሰብር አነጋገር ገልጣለች። ባሪያ አሳዳሪው ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን ለላከችለት ግጥም በ1776 በአክብሮት መልስ ጻፈላት። ቶማስ ጀፈርሰን በበኩሉ ሥራዋን ለትችት እንኳ የማይበቃ አድርጎ ናቀው።

በ1779 ለሁለተኛ መጽሐፏ ተመዝጋቢዎች እንዲገኙ በጋዜጣ ማስታወቂያ ወጣ፤ 33 ግጥሞችና 13 ደብዳቤዎች ነበሩት። ጦርነቱ ኑሮን አክብዶ ነበርና፣ አሁንም በቂ ገዢ አልተገኘም። እንግሊዝ የአሜሪካን ነጻነት በውል ባወቀች በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1784፣ ፊሊስ በድህነት ቦስተን ውስጥ አረፈች። የሁለተኛው መጽሐፍ ረቂቅ እስካሁን አልተገኘም።